የኔታ ወይስ አስኳላ? የልጅ ትምህርት ምርጫ በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ



አዲስ አበባ ውስጥ ልጅ ትምህርት ቤት ሊገባ ሲል ቤተሰቡ የሚጨቃጨቀው ስለ ክፍያ ነው። የግሉ ትምህርት ቤት ዘንድሮ ስንት እንደጨመረ፣ የሃይማኖት ድርጅት የሚያስተዳድረው ይሻል እንደሆነ፣ ሰርቪሱ በየት በኩል እንደሚያልፍ ይወራል። የናዝሬት ስኩልን፣ የቅዱስ ዮሴፍን ወይም በማኅበረ ቅዱሳን ሥር ያሉትን የአቡነ ጎርጎርዮስ ትምህርት ቤቶች ስም ያልሰማ ወላጅ ጥቂት ነው። ከመሐል ሜዳ፣ ከሞላሌ፣ ከራቤል ወይም ከዓለም ከተማ ወጣ ብሎ ባለ የገጠር ቀበሌ ግን ይህ ጭቅጭቅ የለም። የሚመረጥ የግል ትምህርት ቤት በሌለበት ስለ ክፍያው ማን ይከራከራል? እዚያ የሚነሳው ጥያቄ ሌላ ነው። ከልጆቹ ማን በጎቹን ይጠብቅ፣ ማን የኔታ ዘንድ ይዋል፣ ማን አስኳላ ይግባ?

በሰሜን ሸዋ ደጋ የሚኖር ወላጅ የቤተ ክህነቱንና የመንግሥቱን ትምህርት ቤት አወዳድሮ አንዱን አይመርጥም፤ ልጆቹን ያከፋፍላቸዋል። ማከፋፈሉም የሚመጣው ከሃይማኖት ክርክር አይደለም፤ ከቀኑ ሰዓትና ከጓዳው ነው። ለአንድ ልጅ ሁለቱንም በተራ ማስተማር ግን ይቻላል፤ ተችሎም ያውቃል። መንገዱን የዘጋው ከየኔታ ዘንድ የሚመጣ ልጅ የያዘውን ዕውቀት አስኳላው የማይቆጥርለት መሆኑ ነው። የዛሬው ዲስኩር የሚከራከረው ይህ ዕውቀት እንዲቆጠርለት ነው።

ከሰዓቱ እንጀምር። ከመንዝ ጓሳ ግርጌ ባሉት ቀበሌዎች ገበሬው የሚኖረው በገብስና በበግ ነው። የበልጉ ዝናብ በጊዜው ከጣለ ገብሱ ተዘርቶ ሰኔና ሐምሌ ላይ ይታጨዳል፤ ካልጣለ ወይም ውርጭ ከመታው በግ ተሽጦ እህል ይገዛል። በግ ደግሞ ጠባቂ ይፈልጋል። ጠባቂው ስድስት ሰባት ዓመት የሞላው ልጅ ነው፤ ይኸውም አስኳላው “አስመዝግቡልኝ” የሚለው ያው ልጅ። የትምህርት ዓመቱ መስከረም ገብቶ ሰኔ የሚወጣ ስለሆነ የበልጉ አጨዳ ከፈተና ጋር ይጋጫል። የመኸሩ ደግሞ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ክፍሉን ያሳሳዋል። ከብሔራዊ የትምህርት ካሌንደር ጋር የተጣላ ልጅ ሰነፍ ተብሎ ይመዘገባል እንጂ ካሌንደሩ ለመንዝ አልተሠራም የሚል የለም።

የኔታ ዘንድ ሰዓቱ ይለያል። ልጁ በማለዳ ይሄዳል፣ የተሰጠውን ይቀጽላል፣ ከብቱ ሲወጣ ይለቀቃል። ማታ የቃል ትምህርቱን ይዞ ይመለሳል። የደንብ ልብስ አይጠየቅም፤ ደብተር አይገዛም። እናትየው “የኔታ፣ እርስዎ ዘንድ ይዋልልኝ” ብላ ትሰጣለች፤ በዓል ሲደርስ ዳቦ ወይም ጥቂት ገብስ ይዛ ትመጣለች። ብዙ ሰው የቄስ ትምህርት ቤት በደጋው የቆየው በእምነት ጥንካሬ ብቻ ይመስለዋል። እምነቱ አለ፤ ነገር ግን ከእረኝነት ጋር የማይጋጭ ትምህርት ቤት እሱ ብቻ መሆኑም መረሳት የለበትም።

ምን ይማራል? መጀመሪያ ፊደል ይቆጥራል፤ ከዚያ አቡጊዳ፣ ቀጥሎ ከዮሐንስ መልእክት የተወሰደው ፊደለ ሐዋርያ ይመጣል። ንባቡ በደረጃ ነው፤ ቃሉ ተነሽ ይሁን ወዳቂ፣ ተጣይ ይሁን ሰያፍ ጆሮው እስኪለይ ድረስ ይታረማል። መድረሻው ዳዊት ነው። መቶ ሃምሳውን መዝሙር ከነቢያት ጸሎትና ከውዳሴ ማርያም ጋር የደገመ ልጅ ቤተሰቡ ይደግስለታል። ከዚያ በኋላ የሚቀጥል ካለ ዜማ ቤት፣ ቅዳሴ ቤት፣ ቅኔ ቤት፣ አቋቋምና መጻሕፍት ቤት ይጠብቁታል። በተለይ ቅኔ ቤት ብዙ ሰው እንደሚገምተው የመሸምደጃ ቦታ አይደለም። ተማሪው ከጉባኤ ቃና ተነስቶ እስከ መወድስ ሲወጣ በየዕለቱ አዲስ ይቆጥራል፣ ለመምህሩም ይነግራል፤ የትናንቱን ደግሞ ማምጣት ነውር ነው። በአገሪቱ ውስጥ ተማሪ በየቀኑ የራሱን ድርሰት ይዞ እንዲመጣ የሚያስገድድ ሌላ የትምህርት ዓይነት ካለ ይነገረን።

የንባቡ ጉዳይ እንዲሁ በናፍቆት የሚወራ አይደለም። በ2002 ዓ.ም. ግድም በበርካታ የአገሪቱ ቋንቋዎች የታችኛ ክፍል ተማሪዎች የንባብ ችሎታ ሲመዘን፣ ሁለት ዓመት አስኳላ ተመላልሰው አንዲት ቃል ማንበብ ያቃታቸው ልጆች ብዛት የትምህርት ሚኒስቴርን አስደንግጧል። የመማሪያ መጻሕፍት እንደ አዲስ የተዘጋጁትም ከዚያ በኋላ ነው። ሰባትና ስምንት ልጅ ይዞ እያንዳንዱን በጣቱ እያስጠቆመ የሚያስነብብ የኔታ፣ ሰባ ልጅ ከታጨቀበት አንደኛ ክፍል መምህር ይልቅ ስህተቱን ቶሎ ይሰማል። ምስጢሩ ይኸው ነው፤ ተአምር የለበትም።

ጉድለቱም ይነገር። ልጁ የሚደግመው ዳዊት በግእዝ ነው፤ ትርጉሙን የሚያገኘው ከዓመታት በኋላ ነው፣ እሱም መጻሕፍት ቤት ከደረሰ። ሒሳብ የለም፣ ሳይንስ የለም፣ እንግሊዝኛ የለም። አርጩሜው አለ። ከዳዊት በላይ የሚፈልግ ልጅ ደግሞ ቤቱን ይለቃል፤ ለምዱን ደርቦ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ “በእንተ ስማ ለማርያም” እያለ በማያውቀው አገር ደጅ ይቆማል። የቆሎ ተማሪ ኑሮ በየመድረኩ ሲሞገስ ጀግንነቱ ይነገራል፤ ውሻው፣ ችጋሩ፣ እከኩና ተስቦው ግን ይዘለላል። አሥር ዓመት ለሞላው ልጅ ይህን የሚመኝ ሰው በመጀመሪያ የራሱን ልጅ ይላክ።

ሴት ልጅስ? ዳዊት የምትደግም ልጅ አልፎ አልፎ ትገኛለች፤ ከዚያ በላይ ያለው በር ግን ለእርሷ ከሞላ ጎደል ዝግ ነው። የጎጃሟ ዓይነ ስውር የቅኔ መምህር እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ብዙ ወንዶችን አስተምረዋል፤ ስማቸው በየጊዜው የሚጠቀሰውም እንደ እርሳቸው ያለ ሴት ስለማይገኝ ነው። ስለዚህ “ልጄን የኔታ ዘንድ ብሰድ ይሻለኛል” የሚል አባት የሚያወራው ስለ ወንድ ልጁ ነው። የሴት ልጁ ምርጫ አስኳላ ወይም ጓዳ ነው። ይህን ያላነሳ ስለ ቤተ ክህነት ትምህርት የሚደረግ ክርክር ሁሉ ግማሽ ክርክር ነው።

ሁለቱ ትምህርት ቤቶች ባላንጣ ሆነው አልተወለዱም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. አካባቢ የመጀመሪያውን ዘመናዊ ትምህርት ቤት ሲከፍቱ ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስ ሥጋት ነበራቸው፤ ልጆቹ በፈረንጅ እጅ ሃይማኖታቸውን እንዳይለቁ ይፈሩ ነበር። ንጉሡ መፍትሔ አላጡም። መምህራኑን ከግብፅ፣ ከቅብጥ ክርስቲያኖች መካከል አስመጡ። በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ማብቂያ የወጣው አዋጅ ደግሞ ከዚያ ያልፋል፤ ልጁን ንባብና ጽሕፈት የማያስተምር ወላጅ እንዲቀጣ፣ የአጥቢያ ካህናት ከአገልግሎታቸው ጋር የሰፈሩን ልጆች እንዲያስተምሩ፣ ይህን ያልፈጸመ ከሹመቱ እንዲነሳ ያዝዝ ነበር። አፈጻጸሙ አዋጁን አልመሰለም። አሳቡ ግን ልብ ይባል፤ መንግሥት የኔታን የራሱ መምህር አድርጎ ቆጥሮት ነበር።

መለያየቱ የመጣው ቀስ በቀስ ነው። አስኳላው በመምህራን ማሠልጠኛ በወጣ ሰው፣ በታተመ መጽሐፍና በፈተና ላይ ሲቆም የኔታ ከስሌቱ ወጣ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆኖ ሲታወጅ ደግሞ መሪጌታው የሚበላበት የቤተ ክርስቲያን መሬት ቀረ። አዋጁ በደቡብ ላለው ጭሰኛ ያመጣው ነፃነት አያከራክርም፤ ርስተኛ በሆነው በመንዝ ግን በጉልህ ከታዩት ውጤቶች አንዱ የጉባኤ ቤት መምህር በምጽዋትና በሰበካ ጉባኤ ኪስ ላይ መውደቁ ነው። ዛሬ አንድ ደብር የኔታ የሌለው ከሆነ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ የተማሪ ማነስ ሳይሆን የደመወዝ ማነስ ነው።

ወደ መርሐቤቴ እንሻገር፤ ለዚህ ዲስኩር ዋናው ምስክር እዚያ ተወልዷል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1870 ዓ.ም. ገደማ መርሐቤቴ፣ ደን በተባለው አገር ተወለዱ። ያደጉት በቤተ ክህነት ትምህርት ነው፤ በእንጦጦ ራጉኤልም ተምረዋል። አስኳላ ገብተው አንደኛ ክፍል አልቆጠሩም። ሆኖም ከምኒልክ ቤተ መንግሥት ጽሕፈት ሥራ ተነስተው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር እስከ መሆን ደረሱ፤ በ1903 ለእንግሊዙ ንጉሥ ለጆርጅ አምስተኛ ዘውድ በዓል ከተላኩት መካከል ነበሩ፤ «ወዳጄ ልቤ»ን እና «አዲስ ዓለም»ን ጻፉ፤ ጎሐ ጽባሕ ማተሚያ ቤትን አቋቋሙ።

እኚህ ሰው አባት ሲሆኑ ልጆቻቸውን የት አስተማሩ? እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጣፍጠው። ፈቃደ ሥላሴና ሲራክ እስክንድርያ፣ ቪክቶሪያ ኮሌጅ ገቡ፤ ከዚያ አንዱ ካምብሪጅ፣ አንዱ ኦክስፎርድ ደረሱ። የሳሙኤል ጆንሰንን «ራስላስ» ወደ አማርኛ የመለሱት ሲራክ ናቸው። የየኔታ ደቀ መዝሙር ለልጆቹ የእንግሊዝ የግል ትምህርት ቤት መረጠ ማለት ነው፤ በዛሬ አነጋገር በጣም ውዱን። ከዚህ ተነስቶ ኅሩይ ያደጉበትን ትምህርት ናቁ የሚል ይኖራል። ሥራቸው ይህን አያሳይም። «አዲስ ዓለም» ውስጥ አወቀ የተባለው ወጣት አውሮፓ ተምሮ ሲመለስ የሚጣላው ከዘመዶቹ ልማድና ከድግሱ ብዛት ነው፤ ደራሲው ወጣቱን ከቤተ ክርስቲያን አያስወጡትም፣ ይልቁንም ቤተ ክርስቲያኒቱ እንድትሻሻል ይፈልጋሉ። ኅሩይ አንዱን ትምህርት መሠረት፣ ሌላውን ፎቅ አድርገው ያዩ ሰው ናቸው። በ1931 መግቢያ በስደት፣ እንግሊዝ አገር ባዝ ከተማ ሲሞቱም የሚታወቁት በሁለቱም ነበር።

ኅሩይ በ1924 ዓ.ም. ለመልእክት ወደ ጃፓን ሄደው ስለ አገሩ መጽሐፍ ጽፈዋል። ጃፓን ለዚህ ጉዳይ ጥሩ ማነጻጸሪያ ናት። ከ1872 እ.ኤ.አ. በፊት እዚያም ተራው ሕዝብ ልጁን የሚያስተምረው ከቤተ መቅደስ አካባቢ በጀመሩና ቴራኮያ በተባሉ ትንንሽ የንባብ ቤቶች ነበር። በዚያ ዓመት ዘመናዊው የትምህርት ሕግ ሲወጣ መንግሥት ለሁሉም መንደር ሕንፃ አልሠራም፤ ገንዘቡም አልነበረውም። ብዙዎቹ አዲስ ትምህርት ቤቶች በነባሮቹ ንባብ ቤቶችና በቤተ መቅደሶች ተከፈቱ፤ ነባሮቹ መምህራንም አዲሱን ትምህርት ማስተማር ጀመሩ። የእኛ አዋጅ ያሰበውን እነርሱ ፈጸሙት።

አሁን ወደ ዛሬው ወላጅ። ልጁ ስምንተኛ ክፍል ሲጨርስ ሁለተኛ ደረጃው ሩቅ ነው። ቤት ተከራይቶ፣ ከሦስት አራት ጓደኛው ጋር አንዲት ክፍል ይዞ ይማራል፤ ቅዳሜ በእግሩ ወደ ቤቱ ሄዶ እሑድ በሶ፣ ቆሎና ዳቦ ተሸክሞ ይመለሳል። ወላጁ በግ እየሸጠ ኪራዩን ይከፍላል። ገጠር ላይ “የግል ትምህርት” ካለ ይህ ነው፤ ትምህርቱ የመንግሥት፣ ወጪው የግል። በስንቁም በእግር ጉዞውም ከቆሎ ተማሪው ብዙ አይርቅም፤ ልዩነቱ ይህኛው መጨረሻው ላይ ፈተና ያለበት መሆኑ ነው።

ፈተናውስ? በጥር 2015 ዓ.ም. ይፋ በሆነው የ12ኛ ክፍል ውጤት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመላ አገሪቱ ተፈታኞች 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከ1,000 በለጡ። በቀጣዩ ዓመት 3.2፣ ከዚያ 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ሆነ። ቁጥሩ እያደገ ነው። ግን አሥራ ሁለት ዓመት በግ የሸጠ የመንዝ አባት ይህን ሲሰማ ታናሽየውን “እስቲ የኔታ ዘንድ ይሂድ” ቢል ኋላ ቀር ነው ማለት ይከብዳል። ሒሳቡን ሠርቷል። ዲያቆን የሆነ ልጅ ቢያንስ የሚያገለግልበት ደብር አያጣም።

ጦርነቱ ሒሳቡን አባብሶታል። ኅዳር 2014 ላይ የሰሜኑ ጦርነት ሰሜን ሸዋ ሲደርስ፣ ከ2015 ክረምት ወዲህ ደግሞ በክልሉ በቀጠለው ግጭት ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፣ ተጎድተዋል፤ በአማራ ክልል ከትምህርት ገበታ ውጭ የሆኑት ልጆች ቁጥር ከአራት ሚሊዮን በላይ እንደሆነ ተነግሯል። ፊደል ማስቆጠር ሕንፃም በጀትም አይጠይቅም፤ የኔታና ጥላ ካለ ይበቃል። አስኳላው በተዘጋበት ዓመት ልጅ ፊደል እንዳይጠፋው የሚፈልግ ወላጅ ሌላ የት ይሄዳል?

ዲያቆን ከተባለ፣ ማንም ፖሊሲ ብሎ ያልጻፈው አንድ መንገድ አለ። ዳዊት ደግሞ፣ ቅዳሴ ተምሮ፣ ዲቁና የተቀበለ ወጣት አዲስ አበባ ወይም ደብረ ብርሃን ይመጣል። በአንድ ደብር ይቀጠራል፤ ጠዋት ይቀድሳል፣ ማታ አስኳላ ይገባል። ከጎጃም፣ ከጎንደር፣ ከወሎም ከመንዝም የመጡ እልፍ ዲያቆናት በማታ ትምህርት አሥራ ሁለተኛን ጨርሰው ኮሌጅ ገብተዋል፤ ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ አሉ። ለድሃ ገበሬ ልጅ ቤተ ክርስቲያን ያለ ማመልከቻ የምትሰጠው የትምህርት ድጎማ ይህ ነው። ችግሩ መጀመሪያ ላይ ነው። ስምንት ዓመት ጉባኤ ቤት የቆየ፣ ቅኔ የሚቆጥር የአሥራ ሰባት ዓመት ወጣት በወረቀት ያልተማረ ነው። ከልጆች ጋር ከታች ጀምር ይባላል። ባሕር ዳርና አክሱም ዩኒቨርሲቲዎች ግእዝን ያስተምራሉ፤ በመደበኛው በር ለመግባት ግን የ12ኛ ክፍል ውጤት ያስፈልጋል። ግእዙን የሚያውቀው ልጅ ውጭ ይቀራል ማለት ነው፤ ለቀልድ እንኳ የሚከብድ ነገር ነው።

“ሕገ መንግሥቱ አይፈቅድም” የሚል ይኖራል። በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 90 ትምህርት ከማንኛውም የሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ በሆነ መንገድ እንዲሰጥ ይላል፤ ትክክል ነው፣ መነካትም የለበትም። አንቀጽ 27 ደግሞ አማኞች የሃይማኖት ትምህርት ተቋም እንዲያቋቁሙ፣ ወላጆችም ልጆቻቸውን በእምነታቸው መሠረት እንዲያሳድጉ ይፈቅዳል። የልጁን የንባብ ችሎታ መዝኖ በሚመጥነው ክፍል ማስቀመጥ ከሁለቱ አንዱንም አይጥስም፤ አስኳላው የሚመዝነው ማንበቡን እንጂ ማመኑን አይደለም። ነገሩም የአንድ ሃይማኖት ብቻ አይደለም። ከመንዝ ቁልቁል ሲወረድ በይፋት ቆላ፣ እንዲሁም በወሎ፣ ልጁ ቁርአን ቀርቶ ከዚያ አስኳላ የሚገባ ወላጅ ያው ጥያቄ አለበት።

እንዲህ ያለ ምደባ ለአገሩ እንግዳ አይደለም። በ2003 ዓ.ም. ገደማ በደቡብ የተጀመረው ስፒድ ስኩል የተባለው ፕሮግራም ከትምህርት ውጭ የቆዩ ልጆችን የሦስት ክፍል ትምህርት በአሥር ወር አስጨርሶ ወደ መደበኛው ክፍል ያስገባል፤ ትምህርት ሚኒስቴርም ተቀብሎታል። ፊደል ሳይቆጥር የመጣ ልጅ በአሥር ወር አራተኛ ክፍል ከደረሰ፣ ዳዊት ደግሞ የመጣው ለምን ከአንደኛ ይጀምራል?

መርሐቤቴ የትምህርት እርዳታ ብርቋ አይደለም። ካርልሃይንዝ በም የመሠረቱት ሰዎች ለሰዎች የተባለው ድርጅት በወረዳው ለዓመታት ሠርቷል፤ በሙኒክ አጠገብ ያለችው ፋተርሽቴተንም ከሠላሳ ዓመት በላይ የወረዳው መቀመጫ የዓለም ከተማ እህት ከተማ ሆና ቆይታለች። ለሕንፃ የሚረዳ ተገኝቷል። ለዚህኛው ሥራ ግን ሕንፃ አያስፈልግም። ነሐሴ መጨረሻ፣ ምዝገባ ሲጀመር፣ ርእሰ መምህሩ፣ የአማርኛና የሒሳብ መምህሩ ተቀምጠው ከየኔታ ዘንድ የመጡትን ልጆች ቢፈትኑ፣ ማን ሦስተኛ ማን አምስተኛ ክፍል እንደሚገባ በአንድ ቀን ይለያሉ። የሚጎድላቸው ሒሳብና እንግሊዝኛ ነው፤ እሱ በዚያው ዓመት ከሰዓት በኋላ በማካካሻ ይሰጣል። ለበልግ አጨዳ የሚዘጋበትን ሳምንት ደግሞ ከወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ጋር ሆኖ አስቀድሞ መወሰን ይቻላል። ይህን ለመጀመር የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት መመሪያ ያስፈልጋል፤ መመሪያውን የሚጠይቅ ደግሞ ሰበካ ጉባኤው፣ የቀበሌው ወላጅና ዛሬ እዚህ የተቀመጠው የአገሩ ተወላጅ ነው።